አዞውና የጊፋታ በሬ

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ወላይታ ሶዶን የሚያውቃት በምሳዋ ነው። ቁርጡን በዳጣ ይበላል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ከዚያ የቀረው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ልቡ ቀድሞት ጀልባው ላይ ይወጣል። አይፈረድበትም። አርባ ምንጭ ባሕር ለሌላት አገር የደቡብ ወደብ ናት፦ በአንድ ወገን አባያ፣ በሌላ ወገን ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፣ ማዶ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የነጭ ሣር ፓርክ። አዞው፣ ጉማሬው፣ የሜዳ አህያው አለ። እንግዳው ይህን ሁሉ አይቶ ሲመለስ “ያልተነካ ተፈጥሮ” ይላል።

እኔ ወላይታ ውስጥ የምሠራ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ፤ “ያልተነካ” የሚለው አይዋጥልኝም።

አርባ ምንጭ ላይ ከሼቻ አፋፍ ቆሞ ሁለቱን ሐይቆች ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው ቁልጭ ያለ ነው። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋት አንደኛ ነው፤ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ለዚህ ስፋት እጅግ ትንሽ ነው። ንፋስ በተነሳ ቁጥር ወለሉ ይታመሳል፣ እንደ ዱቄት የላመው ደለልም ቶሎ አይዘቅጥም። ቀለሙን ሁሉ በገበሬ ላይ ማላከክ ስህተት ይሆናል፤ የሐይቁ ጠባይም አለበት። ዳሩ ግን በየክረምቱ አዲስ አፈር የሚጨመርበት ከየት እንደሆነ ለማወቅ ወንዞቹን ሽቅብ መከተል ነው። ብላቴ ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ ተነሥቶ የወላይታን ምሥራቅ እየጠረገ ይወርዳል። ሐመሳ ደግሞ ከራሳችን ተዳፋት ተነሥቶ ሁምቦ ወረዳን አቋርጦ ሐይቁ ይገባል።

ከሶዶ ራስጌ የቆመው ዳሞታ፣ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ዝናቡን ለሁለት ያካፍላል። በምዕራብ የወረደው ወደ ኦሞ ይሄዳል፤ 243 ሜትር ከፍታ ባለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ ውስጥ ያርፋል። በምሥራቅና በደቡብ የወረደው ለአባያ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አንድ ቦረቦር ሲከፈት ወይ የመብራት፣ ወይ የዓሣ ጉዳይ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ደለሉም መጀመሪያ የሚከመረው እዚያው ነው።

ታዲያ ለምን አታቆሙትም ይባላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የወላይታ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያም በዝቷል። ብዙው ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። አፈሩን የሚያቆመው እርከን ነው፤ ተዳፋቱ በበረታ ቁጥር ግን እርከኖቹ ይቀራረባሉ፣ እርከን ደግሞ ራሱ መሬት ይበላል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለሐይቁ ሲባል እርከን ሥራ ስለው ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “ልጄ፣ በቆሎዬን ነቅዬ ለአዞ ልገብር ነው?” አለኝ። ቀልዱ ልክ ነበር። በጥር በዘመቻ የተቆፈረው እርከን በበልግ እርሻ ሲናድ ስንፍና የሚመስለው ሰው ያንን ሒሳብ ያልሠራ ነው።

የእኛም ጥፋት አለበት፣ የሙያውን ማለቴ ነው። ሪፖርታችን የሚቆጥረው የተሠራውን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሁለት ክረምት በኋላ የቆመውን አይደለም። እኔ አንድ ወረዳ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት እርከን እንዳለ ሳይሆን እርከኑ ላይ ምን እንደበቀለ ነው። ደሾ ሣር ከበቀለበት አልሰጋም። ደሾ ከጎረቤታችን ከጨንቻ የተስፋፋ ያገራችን ሣር ነው፤ ሥሩ አፈሩን ጠምዶ ይይዛል፣ ላዩ እየታጨደ በሬ ይቀለብበታል። በሬ ደግሞ ለወላይታ ሰው ተራ ነገር አይደለም። በመስከረም ለሚመጣው የዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። መኖ የሚሰጥ እርከን ማንም አያርሰውም። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ካስተማርነው ሁሉ ይልቅ እርከን ያቆመልን የጊፋታ በሬ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁምቦ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከሶዶ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጠበላ አካባቢ፣ መንገደኛው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚያልፈው ተራራ አለ። ተመንጥሮ ራቁቱን የቀረ ነበር፤ ጎርፍና ድንጋይ ይለቅ ነበር። በዓለም አቀፉ ወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር ከልቅ ግጦሽና ከምንጠራ ተከለለ። አብዛኛው ዛፍ ከችግኝ አልመጣም። አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ በኒጀር ያስፋፋው ዘዴ ነው፦ መሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ የቆየው ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ጠንካራውን ቀንበጥ መርጦ ሌላውን መግረዝ። መሬታችን ሊወሰድ ነው የሚል ስጋት ነበር፤ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በደኑ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ሲጸና ረገበ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደኑ በኪዮቶ ስምምነት የካርቦን አሠራር ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ።

ይህን ውል ሳስበው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁምቦ ላይ ላደገው ዛፍ ከባሕር ማዶ ያለ ሰው ከፍሏል። እግሩ ሥር ያለው ሐይቅ፣ በሐይቁ የሚተዳደረው ጀልባ፣ ሐይቁን በመስኮት የሚሸጠው ሆቴል ግን ምንም አይከፍሉም። የኅብረተሰቡ የዘመቻ ጉልበት ነፃ ነው፣ ከላይ የቆመው አፈርም ለታች ሰው ነፃ ነው።

ገበሬዎችን ለልምድ ልውውጥ ወደ አርባ ምንጭ ይዤ መውረዴ ለዚህ ነበር። ብዙዎቹ ሐይቁን ከመኪና መንገድ እንጂ ከዳር ቆመው አላዩትም። ያ “ለአዞ ልገብር ነው” ያለኝ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ከአባያ ዳር ጭቃ ዘገነ፣ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና፣ “ይሄ የእኔ አይደለም፣ የእኔ ይቀላል፤ የጎረቤቴ ይሆናል” አለ። ጎረቤቱ አጠገቡ ነበር፤ ሁሉም ሳቀ።

ወደ ጫሞ ተሻግረን ጀልባ ተሳፈርን። አዞዎቹ ተጋድመውበት የሚውሉትን ዳርቻ አይተን ስንመለስ ሽማግሌው ጀልባ ነጂውን፣ “አንድ እንግዳ ለዚህ ስንት ይከፍላል?” ብሎ ጠየቀ። ተነገረው። ጥቂት አሰላና፣ “ከዚህ ላይ እርከን ለሚሠራው ስንት ይደርሰዋል?” አለ።

ነጂው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሽማግሌው አልሳቀም። ቢሮ ተመልሼ የጉዞውን ሪፖርት ስሞላ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም። “ሌሎች” ከሚለው ሥር ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ከጎኑም የጀልባ ማኅበራቱ፣ ሆቴሎቹና የላዩና የታቹ ዞን የግብርና መምሪያዎች የሚቀመጡበት ስብሰባ ይጠራ የሚል ሐሳብ አከልኩ።