ሦስተኛው ማጣሪያ ስለምን ጨለማውን ገፈፈ?

ሁለት የፖላራይዝድ መነጽር መስታወቶችን ደራርበን አንዱን ቀስ በቀስ ብናዞረው፣ የሚያልፈው ብርሃን እየደበዘዘ ሄዶ በ90 ዲግሪ ላይ ሊጠፋ ይቃረባል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ማጣሪያ በ45 ዲግሪ አጋድመን ብናስገባስ? ብዙዎቻችን ጨለማው ይብሳል ብለን እንገምታለን። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ብርሃን ተመልሶ ይታያል።

ምክንያቱን ለመረዳት ብርሃን ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ መሆኑን እናስታውስ። የኤሌክትሪክ መስኩ የሚነዝረው ብርሃኑ ለሚጓዝበት አቅጣጫ ቀጤ ነክ ሆኖ ነው። ከፀሐይ በቀጥታ በሚመጣ ብርሃን ይህ ንዝረት አንድ የተወሰነ አቅጣጫ የለውም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲወሰን ብርሃኑ ፖላራይዝድ ሆነ እንላለን።

ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ እ.ኤ.አ. በ1808 ከፓሪሱ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የተንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን በካልሳይት ክሪስታል ተመለከተ። ክሪስታሉን ሲያዞር ጥንድ ሆነው የሚታዩት ምስሎች ድምቀት ተለዋወጠ። ነጸብራቅም ብርሃንን ፖላራይዝ እንደሚያደርግ በዚህ ታወቀ። በስሙ የሚጠራው ሕግ፣ ከማጣሪያ የሚያልፈው የፖላራይዝድ ብርሃን ድምቀት በሁለቱ አቅጣጫዎች መካከል ባለው ዘዌ የኮሳይን ካሬ ልክ እንደሚሆን ይገልጻል።

ዛሬ የምናውቀው ማጣሪያ በአዮዲን የተነከረና የተለጠጠ ስስ ፕላስቲክ ነው። ሲለጠጥ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ኤሌክትሮኖችም በሰልፉ ርዝመት ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ከሰልፉ ጋር ትይዩ የሆነው ንዝረት ይመጠጣል፤ ቀጤ ነክ የሆነው ያልፋል። ማጣሪያውን ገመድ በፍርግርጎቹ መካከል እንደሚያሳልፍ አጥር አድርገን ብንስለው እንሳሳታለን፤ ብርሃኑ የሚያልፈው ሞለኪውሎቹን አቋርጦ በመንዘር ነውና።

አሁን እናስላ። ማጣሪያዎቹ እንከን የለሽ ናቸው ብንልና 100 እጅ ብርሃን ብንልክ፣ ከመጀመሪያው 50 እጅ ያልፋል። ቀጣዩ ማጣሪያ በ90 ዲግሪ የዞረ ከሆነ የኮሳይን ካሬው ዜሮ ስለሆነ ምንም አይተርፍም። መካከለኛው ሲጨመር ግን 25 እጅ በአዲስ አቅጣጫ ይወጣል፤ ከመጨረሻውም 12.5 እጅ ያልፋል። ማጣሪያ ወንፊት ብቻ አይደለም፤ ለሚያሳልፈው ብርሃን የራሱን አቅጣጫ ይሰጠዋል።

በካልኩሌተር መስኮት ላይ ይህን የማዞር ሥራ በሁለት ማጣሪያዎች መካከል የተቀመጠ ፈሳሽ ክሪስታል ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማዞሩን ያቆምና አኃዙ ጠቁሮ ይታያል። አንባቢያችን ሆይ፣ የፖላራይዝድ መነጽር ካገኙ ካልኩሌተርዎን እያዞሩ ይመልከቱና ያረጋግጡ።