ሞተር የሚተነፍሰው አየር

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ሁሉ የፓምፑ ጫፍ እንደሚግል ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ሬኖ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ወደ ፎርሙላ ዋን እሽቅድምድም ያስገባው ቱርቦም ጠባዩ ይኸው ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረውን አየር ግፊቱን እጥፍ ሲያደርገው፣ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል።

ትኩስ አየር ስስ ስለሆነ የሚይዘው ኦክሲጂን ያንሳል፤ የሞተሩም ኃይል ይደክማል። ከዚህ የከፋው ግን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቤንዚንና አየር ያለጊዜው በራሱ ፈንድቶ ፒስተኑን ሊበሳ መቻሉ ነው። ስለዚህ አየሩ ከቱርቦው እንደ ወጣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል።

እንግዲህ የሙቀት መለኪያው መቀመጥ የሚገባው ከማቀዝቀዣው በኋላ፣ በሞተሩ መግቢያ አጠገብ ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንን አየር ነውና። መኪናው በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ሲከንፍ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ቢል አያስደነግጥም። ነገር ግን በየዙሩ እየጨመረ ሄዶ ወደ ቀድሞው የማይመለስ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ግሏል ማለት ነው። ያን ጊዜ ነጂው መኪናውን ከማቆም ይልቅ አንድ ሁለት ዙር በዝግታ ይንዳ፤ ማቀዝቀዣውን የሚያበርደው በጉዞ የሚያገኘው ነፋስ ነውና። ጥቂት ደቂቃ መዘግየት ሞተር ከማጣት ይሻላል።