80 በመቶው ከየት መጣ?

የአማራ ክልል በ1998 ያወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 133 ለመሬት ሽግሽግ እጅግ ጠባብ በር አበጅቶለት ነበር። በአንድ ቀበሌ መሬት እንደገና የሚደለደለው ከባለይዞታዎቹ ቢያንስ 80 በመቶው ሲፈልጉ ነበር። ለምን 80? ሁለት ሦስተኛ ለምን አልበቃም? ግማሽ ሲደመር አንድስ? አዋጁን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያገኝበትም።

መልሱን የሚጠረጥር ግን አለ። በ1989 ክልሉ ውስጥ፣ በተለይ በጎጃም፣ የተካሄደውን ድልድል ያየ ሰው ይጠረጥራል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ተመዘገቡ፤ ይዞታቸው ከ1 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደርጎ የቀረው ለሌላ ተሰጠ። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ያን ያየ ክልል ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሩን እንዲህ ቢያጠብ አያስደንቅም። ይህ ግን የእኔ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ችሎት ፊት አይቆምም፤ የሚቆመው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የሚፈለገው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ረቂቁ ለምክር ቤት ሲቀርብ አብሮት የሚሄደው ሐተታ ዘምክንያት ነው፤ ሕጉን ያረቀቀው ክፍል ምን ችግር አይቶ እንደተነሣ የሚናገረው እሱ ነው። ሁለተኛው የቋሚ ኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ነው። ረቂቁ የገባበትና የወጣበት መልክ የሚለያየው በአብዛኛው እዚያ ስለሆነ፣ አንድ ቁጥር ስትቀየር የምትያዘውም እዚያ ነው። ሦስተኛው የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ነው። ዝክረ ሕግ፣ ማለትም የክልሉ ጋዜጣ፣ አትሞ የሚያወጣው የጸደቀውን ቃል ብቻ ነው። ሐተታው በካርቶን ውስጥ ይቀራል።

እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን ፍለጋ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በመጨረሻ የተሰጠኝ በሲባጎ የታሰረ የቃለ ጉባኤ ጥራዝ የአጀንዳ ዝርዝርና የድምፅ ቆጠራ አለው፤ የድጋፉ፣ የተቃውሞው፣ የድምፀ ተአቅቦው ቁጥር በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከሁለቱ መካከል ግን «ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ያ ሰፊ ውይይት ምን ነበር? የፈለግሁት እሱን ነበር።

ፍለጋው ገና ከዓመተ ምሕረቱ ይጀምራል። አዋጅ 133/1998 እና 133/2006 አንድ ሕግ ናቸው፤ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በፈረንጆች አቆጣጠር። ሕጉን በ2009 የተካው አዋጅ 252/2009 ደግሞ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች 252/2017 ሆኖ ይገኛል። ይህን ያላስተዋለ ጀማሪ የስምንት ዓመት ስሕተት ይዞ ይነሣና የሌለ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ሲፈልግ ይውላል።

የመሐል አገሩም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይሻልም። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ረቂቁ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ሲሆን ለፓርላማ የቀረበው ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ነው። በሥራ ላይ የዋለውና ዳኛው የሚፈርድበት አማርኛው ነው። 3,367 አንቀጾቹ በየጠበቃው ጠረጴዛ ላይ አሉ፤ የአርቃቂው ማብራሪያና ረቂቁን የመረመረው ኮሚሲዮን ክርክር ግን ጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ ያዩት ሰነድ ሆኖ ቀረ። ያ ሰነድ በሌለበት ምን እንደሚሆን የቤት ሽያጭ ያሳያል። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ይሁን ይላል። ቁጥር 1723 በዚያ ላይ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይሁን ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? የሰበር ችሎት በ1999፣ በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በ1723 መሠረት ያልተደረገ ሽያጭ አይጸናም ብሎ ወሰነ። በአዋጅ 454/1997 መሠረት አምስት ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር ያስገድድ ስለነበር፣ በእማኝና በመንደር ውል ቤት የገዛ ሁሉ ነገሩ ደረሰው። ሁለቱ አንቀጾች እንዴት ጎን ለጎን ሊቀመጡ እንደቻሉ የሚነግር ሐተታ በሁሉም እጅ ቢኖር፣ ውጤቱ ባይለወጥ እንኳ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ሐተታ የእኛው ሙያ መሆኑ ነው። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ፍትሐ ነገሥትን ያስተማሩት ንባቡን ከነትርጓሜው ነው። መምህሩ «አንድም» እያለ አማራጩን ሁሉ ያስከትላል፤ ተማሪውም ቃሉን ከነምክንያቱ ይዞ ይወጣል። በጋዜጣ ወደሚታተመው ሕግ ስንሻገር ንባቡን ብቻ ይዘን ተሻገርን።

አይቻልም እንዳንል ማስረጃ አለን። በ1987 የሕገ መንግሥት ጉባኤው ያደረገው ክርክር በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ዛሬ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው የሚለው አንቀጽ 40 ሲነሣ፣ የደገፈውም የተቃወመውም ያለውን ገልጦ ማንበብ ይቻላል። ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብና የግብር ሕግ እንዲያወጡ የፈቀደው ሕገ መንግሥት የራሱን ክርክር እንዲህ አስቀምጧል። የየክልሉ ምክር ቤትም ሐተታውንና የኮሚቴውን ሪፖርት ከአዋጁ ጋር አብሮ ቢያትም ተጨማሪው ወጪ ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው። የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ጠያቂው ሰነዱን የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ሰነዱ እንዲገኝ ግን መጀመሪያ መጻፍ፣ ቀጥሎም መቀመጥ አለበት።

የ80 በመቶው ነገር የሚያስቸኩለኝ ለዚህ ነው። በ1998 ረቂቁ ሲዘጋጅ 40 ዓመቱ የነበረ የሕግ ባለሙያ በ2018 ለ60 ዓመቱ ጡረታ ደርሷል። ያን ቁጥር ማን እንዳነሣው፣ ማን ይነስ ማን ይብዛ እንዳለ የሚያስታውስ ሰው አሁን በሕይወት አለ፤ ስልክ ተደውሎለት ሊጠየቅ ይችላል።