ሳይቀበር የሚመረመር

ወዳጆቼ፣ ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ሐሳቡንም ገንዘቡንም ለዓይን ለሚታየው ለጣሪያውና ለበሩ ሲያዘጋጅ፣ የሕንጻውን ሸክም ሁሉ የሚችለው መሠረት ግን በጥቂት ቀናት ተቆፍሮ፣ ተሞልቶና አፈር ለብሶ ዳግመኛ የሰው ዓይን አያየውምና፣ ባለፈው ዓመት ጎጆዬን በቀለስሁ ጊዜ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሜ የተማርሁትን ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ቦታዬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል፤ በላዩ የተቀመጠ ቀላል ቤትም ከእርሱ ጋር ሲነሣና ሲወርድ ኖሮ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ቁፋሮውን የጀመርነው በየካቲት ነበርና፣ ደረቁ አፈር ዶማ እየመለሰ ቢያስቸግራቸው፣ የቆፋሪዎቹ አለቃ ገና አንድ ሜትር ያህል እንደ ወረዱ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ዐለት ነው፤ ከዚህ በታች መውረድ ገንዘብ መቅበር ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ከእርሱ ጋር ነበረ። መሐንዲሱ ግን ክርክር ሳያበዛ አንድ ባልዲ ውኃ በጉድጓዱ ማዕዘን አፍስሶ ሄደ፤ በማግሥቱ ስንመለስ ያ «ዐለት» ጣት የሚሰጥምበት ጭቃ ሆኖ አገኘነው።

ማቴዎስ ወንጌላዊ ልባሙ ሰው ቤቱን በዐለት ላይ መሥራቱን ብቻ ሲነግረን፣ ሉቃስ ሰውዬው መቆፈሩንና ማጥለቁን ይጨምራል፤ ይህ ጭማሪ ስለ ምን እንዳስፈለገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ሌላ አንድ ሜትር ከግማሽ ወረድን። ጥልቀትን የሚወስነው የየቦታው የአፈር ምርመራ ነውና የእኔን ልክ አትቅዱ።

ከዚህ በኋላ ምርመራው በየደረጃው ሆነ። የበልግ ዝናብ ጥሎበት ስላደረ በመጀመሪያ የራሰውን የጉድጓድ ወለል አስጠርገን፣ ብረቱ የሚታሰርበት ንጹሕ ገበታ እንዲሆን 5 ሳንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት አፈሰስን። ፌሮው በታሰረ ጊዜ ፕላኑን በእጄ ይዤ ውፍረቱን፣ ብዛቱንና መራራቁን ስቈጥር፣ ከሥሩ የ5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት የሚጠብቀው ስፔሰር በሦስት ቦታ ጎድሎ በምትኩ የድንጋይ ስባሪ ተሸጉጦ አየሁ። ነገሩ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ኮንክሪት በሚገባ ያልሸፈነውን ብረት እርጥበት ያገኘዋል፣ ዝገቱም እያበጠ የለበሰውን ኮንክሪት ከውስጥ ፈልቅቆ ይጥለዋል። አሸዋውንም በጠርሙስ ውኃ በጥብጠን ብናሳድረው ከላዩ የረጋው ጭቃ ወፍሮ ስለታየ አንዱን ቢያጆ መለስነው።

ኮንክሪቱ በሚፈስበት ዕለት ከቦታው አልተለየሁም፤ ሠራተኛ ሲደክመው፣ ውሕዱ ለአካፋ እንዲለሰልስለት፣ ከልኩ በላይ ውኃ ይጨምራልና፤ ትርፉ ውኃ ግን በኋላ ሲተን ሥፍራውን ባዶ ቀዳዳ አድርጎ ይሄዳል። ከፈሰሰ በኋላ ግን ውኃ መንፈግ ያንኑ ያህል ስሕተት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውኃ ጋር በመዋሐዱ ስለሆነ፣ ጆንያ አልብሰን 7 ቀን ጠዋትና ማታ አጠጣነው፤ የጥንካሬው መለኪያም 28ኛው ቀን ነው። ሙሌቱን የቆፈርነውን ዋልካ ሳንመልስ በገረጋንቲ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየደረብንና እየጠቀጠቅን አደረግነው፤ የአሸንዳውንም ውኃ ከግድግዳው አርቀን እንዲፈስ አደረግን።

እያንዳንዱን ደረጃ አፈር ሳይለብስ፣ ሜትር አጠገቡ ዘርግቼ ፎቶግራፍ አንሥቻለሁ። የተቀበረ ሥራ ስለ ራሱ አይመሰክርምና፣ ምስክርነቱን ገና ክፍት ሳለ መቀበል የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ዘንድሮ ከአጠገቤ ያለውን ቦታ የሚያስቆፍረው ያው የቆፋሪዎች አለቃ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ፣ «እትዬ፣ መሐንዲሱ ሳይመጣ አንድ ባልዲ ውኃ ያስመጡልኝ» ሲል ሰማሁት።