የስምና የቁጥር መለያየት፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የአባልነት ሽግሽግ፣ የቴሌቪዥን መብትና የአማርኛ ስያሜው

1. መግቢያ

ስሙ ሲተረጐም «ታላላቆቹ አሥር» የሚሆነው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ዛሬ 18 አባላት አሉት። «ታላላቆቹ አሥራ ሁለት» የሚባለው 16 አባላት ሲኖሩት፣ በአትላንቲክ ጠረፍ ስም የሚጠራው ማኅበር ደግሞ በሌላኛው የአገሪቱ ዳርቻ፣ በካሊፎርኒያ፣ የሚገኙ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎችን አቅፏል። ስሞቹን ከሚጠሩት ነገር ያራራቃቸው በዋናነት የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ለውጥ በምን ምክንያትና በምን አሠራር እንደ መጣ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳዩን በአማርኛ የሚጽፍ ወይም የሚያስተረጉም ሰው የሚገጥሙትን የስያሜ ችግሮች ማሳየትና አማራጭ መጠቆም ነው። በሜሪላንድ፣ በሲያትልና በሎስ አንጀለስ አካባቢ በርካታ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የሚኖሩ ሲሆን፣ በሦስቱም አካባቢዎች የሚገኙ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ሽግሽግ ውስጥ አልፈዋል። ስለዚህ ጥያቄው ከስፖርት ጋዜጠኛው አልፎ ለአስተርጓሚውና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁም ይደርሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. «ኮንፈረንስ» እና «ጉባኤ»

በአማርኛ «ኮንፈረንስ» የተባለው የውሰት ቃል ስብሰባን ያመለክታል፤ የተለመደው አቻውም «ጉባኤ» ነው። በአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ግን ቃሉ የሚጠራው ቋሚ ድርጅትን ነው። ይህ ድርጅት አባል ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚጋጠሙበትን መርሐ ግብር ያወጣል፣ ሻምፒዮናውን ይመራል፣ የአባላቱን የስርጭት መብት በአንድነት ይሸጣል፣ ገቢውንም ያከፋፍላል። የሁለቱ ፍቺዎች ዝምድና ታሪካዊ ነው። ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለው ማኅበር በ1896 ሲመሠረት መደበኛ ስሙ የኮሌጆች የመምህራን ተወካዮች ጉባኤ እንደ ማለት ነበር። በመነሻው የሚሰበሰቡት መምህራን ነበሩና ቃሉ በትክክል ስብሰባን ይገልጥ ነበር። ስብሰባው ተቋም ሲሆን ስሙ ሳይለወጥ ፍቺው ተለወጠ።

«ሊግ» ብሎ መተርጐምም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ሊግ ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ወደ ላይ ማደግና ወደ ታች መውረድ አብሮ ይታሰበዋል፤ በነዚህ ማኅበራት ውስጥ ግን በውጤት ምክንያት የሚወርድም ሆነ የሚያድግ የለም። አባልነት የሚገኘው በግብዣና በውል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የውድድር ማኅበር» የሚለውን ሐረግ እንጠቀማለን። ገንዘቡን በብዛት የሚያመጣው ጨዋታም እኛ እግር ኳስ የምንለው ሳይሆን የአሜሪካ ፉትቦል መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

3. የ1984ቱ ፍርድ

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቴሌቪዥን የሚታዩትን የኮሌጅ ፉትቦል ግጥሚያዎች የሚወስነው ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ነበር። ሥጋቱ ጨዋታው በቤት ከታየ ስታዲየሙ ባዶ ይቀራል የሚል ነበር። በመጨረሻው ዕቅዱ መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ በሁለት ዓመት ውስጥ በቴሌቪዥን ሊታይ የሚችለው ቢበዛ ስድስት ጊዜ ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ተቃውመው ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1984፣ በሰባት ለሁለት ድምፅ፣ ዕቅዱ የንግድ ውድድርን የሚከለክል ሕገ ወጥ አሠራር መሆኑን ወሰነ።

ፍርዱ የስርጭት መብቱን ከብሔራዊው አካል እጅ አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲዎቹና ለየማኅበሮቻቸው መለሰ። መጀመሪያ ላይ ገበያው በጨዋታ ስለ ተጥለቀለቀ የአንዱ ግጥሚያ ዋጋ ወደቀ። ውሎ አድሮ ግን በስም የገነኑት ማኅበራት ብቻቸውን መደራደር የሚያስገኘውን ጥቅም ተረዱ። ከዚያ በኋላ ማኅበር ማለት የጋራ ሻጭ ማለት ሆነ።

4. ድርሻው እንዴት ይሰላል?

የሽግሽጉን ሒሳብ በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። አሥር አባላት ያሉት ማኅበር በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል እንበል፤ ለእያንዳንዱ 50 ሚሊዮን ይደርሳል። አሥራ አንደኛው አባል የውሉን ዋጋ ቢያንስ በ50 ሚሊዮን ካላሳደገ፣ የእርሱ መምጣት የነባሮቹን ድርሻ ይቀንሳል። እንግዲህ ጥያቄው «ጎረቤታችን ነውን?» ከማለት ወደ «ስንት ያመጣል?» ወደ ማለት ዞረ።

ምን ያህል እንደሚያመጣ የሚለካው በየዘመኑ በተለያየ መስፈርት ነው። በኬብል ቴሌቪዥን ዘመን ቁልፉ የቤተሰብ ቁጥር ነበር፤ ደንበኛው ጨዋታውን አየም አላየም ጣቢያው በጥቅሉ ውስጥ ስላለ ወርኃዊ ክፍያው ውስጥ ይቈጠርበታልና። ቢግ ቴን በ2007 የራሱን ጣቢያ ከፈተ፤ በ2014 ደግሞ ሜሪላንድንና ራትገርስን ተቀበለ። የመጀመሪያው ለዋሽንግተንና ለባልቲሞር፣ ሁለተኛው ለኒው ዮርክ ገበያ ቅርብ ናቸው። ደንበኞች ኬብልን እየተዉ ሲሄዱ መስፈርቱ ተለወጠ፤ አሁን የሚፈለገው በአገር ደረጃ ሚሊዮኖችን በአንድ ሰዓት ከቴሌቪዥን ፊት የሚያስቀምጥ ግጥሚያ ነው። ቀጥታ ስርጭት ማስታወቂያ ሳይዘለል ከሚታይባቸው ጥቂት ዝግጅቶች አንዱ ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል። በ2022 ቢግ ቴን ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የተዋዋለው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ተዘግቧል።

5. የፓክ-12 መፍረስ

የሽግሽጉን ኃይል ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በ1915 የተጀመረው የፓስፊክ ጠረፍ ማኅበር ዕጣ ነው። በሰኔ 2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። የቀሩት አሥር አባላት አዲስ የቴሌቪዥን ውል ሲፈልጉ አንድ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ የቀረበው ዋነኛ አማራጭ የአፕል ሲሆን፣ ገቢው በተመዝጋቢ ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በሐምሌ 2023 ኮሎራዶ ወጣ። በነሐሴ 4 ቀን ኦሬገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ሄዱ። በመስከረም ስታንፎርድና በርክሊ ወደ አትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር ገቡ። ኦሬገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀሩ።

ከሄዱት አንዳንዶቹ የገቡት ሙሉ ድርሻ ሳያገኙ ነው። ኦሬገንና ዋሽንግተን፣ ስታንፎርድና በርክሊም ለዓመታት የተቀነሰ ክፍያ ተቀብለዋል። ጥቂት ገንዘብ ይዞ በትልቅ ማኅበር ውስጥ መገኘት ከውጭ ከመቅረት ይሻላል የሚል ስሌት ነበር። የመንገዱ ዋጋ ግን በሌሎች ላይ ወደቀ። ከሎስ አንጀለስ እስከ ራትገርስ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የሰዓት ልዩነቱም ሦስት ነው። ፉትቦል ተጫዋቹ በአንድ የውድድር ዘመን የሚጓዘው ጥቂት ጊዜ ነው፤ የመረብ ኳስ ወይም የሶፍትቦል ተጫዋቿ ግን፣ የእርሷ ስፖርት ውሉን ሳያመጣው፣ በትምህርት ሳምንት መካከል ደጋግማ ትበራለች።

ከዚህ ሂደት ለሥነ ልሳን ባለሙያ የሚተርፍ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር አለ። ሁለቱ ቀሪዎች «መልቀቁን ያስታወቀ አባል በማኅበሩ ቦርድ ድምፅ የለውም» ሲሉ፣ ሄያጆቹ «እስክንሄድ ድረስ አባላት ነን» አሉ። በአማርኛ ብንገልጠው ክርክሩ «የለቀቀ» እና «ሊለቅ ያለ» በሚሉት መካከል ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመው በማስታወቅ ነው ወይስ በመሄድ? በ2023 መጨረሻ የዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ለሁለቱ ቀሪዎች ፈረደ።

6. ቁጥሩ ሲቀየር ስሙ ለምን ይቀራል?

የተጸውዖ ስም ያመለክታል እንጂ አይገልጥም። አዲስ አበባ ውስጥ «አራት ኪሎ እንገናኝ» የሚል ሰው ርቀት እየለካ አይደለም። ቢግ ቴንም በ1990 ፔን ስቴትን ሲቀበል አሥራ አንደኛውን በዓርማው ውስጥ ሸሸገው እንጂ ስሙን አልለወጠም። በ2012 ደግሞ ቢግ ቴን 12፣ ቢግ 12 ደግሞ 10 አባላት ነበሯቸው። ስሙ የታወቀ የንግድ ምልክት ስለሆነ መለወጡ ያከስራል።

ለተርጓሚ ግን ልዩነት አለው። «ቢግ ቴን 18 አባላት አሉት» ስንል ስሙ ነጠላ ሆኖ ያልፋል፤ ግርታም የለም። «ታላላቆቹ አሥር 18 አባላት አሏቸው» ስንል ግን የብዙ ቁጥር ስምምነቱ የሞተውን ፍቺ ያስነሣዋል፤ ዓረፍተ ነገሩም ራሱን ይቃረናል። ስለዚህ የማኅበራቱን ስም በድምፁ መጻፍ፣ ትርጉሙን በመጀመሪያው መጠቀስ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማስረዳት ይመረጣል።

7. የውሉ ቃላት

«የቴሌቪዥን ስርጭት መብት» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ተደላድሏል፤ በ2020 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በሱፐር ስፖርት መተላለፍ መጀመራቸው ይበልጥ አስለምዶታል። የአባላቱን ከማኅበር ወደ ማኅበር መዘዋወር «ዳግም አሰላለፍ» ማለት ግን ያሳስታል፤ አሰላለፍ በስፖርት ዘገባችን የተጫዋቾች ቦታ አያያዝ ነውና። የመሬት ሽግሽግና የበጀት ሽግሽግ እንደምንለው «የአባልነት ሽግሽግ» ማለት ሐሳቡን በትክክል ይይዛል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላውም ቦታ እንደሚለቅ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

ዩኒቨርሲቲው የሜዳውን ጨዋታዎች የስርጭት መብት ለተወሰኑ ዓመታት ለማኅበሩ የሚሰጥበት ውልም አለ። ቢወጣ እንኳ መብቱ ከማኅበሩ ጋር ይቀራል። የአትላንቲክ ጠረፍ ማኅበር ውል እስከ 2036 የሚደርስ በመሆኑ ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ወደ ክስ ሄደው በ2025 በስምምነት ጨርሰዋል። ይህን «ፈቃድ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው፤ ፈቃድ ሰጪ ባለመብት ሆኖ ይቀራልና። በሕግ ቋንቋችን የታወቀው «መብትን ማስተላለፍ» ይስማማዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ለተጫዋቹ የተሰጠው ስም ነው። ብሔራዊውን ማኅበር ከ1951 እስከ 1988 የመሩት ዋልተር ባየርስ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንዳመኑት፣ «ተማሪ» እና «ስፖርተኛ» የሚሉትን ቃላት ያጣመረው ስያሜ የተስፋፋው ተጫዋቾች በሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ እንደ ሠራተኛ እንዳይቈጠሩ ለመከላከል ነው። በአማርኛ የሐረጉ መሪ ቃል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ «ስፖርተኛ ተማሪ» ያልነው ተማሪ ነው፣ «ተማሪ ስፖርተኛ» ያልነው ስፖርተኛ ነው። ተርጓሚው ቅደም ተከተሉን ሲመርጥ ሳያውቀው በክርክሩ ወገን ይይዛል። በሰኔ 2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲያካፍሉ ከፈቀደ ወዲህ ጥያቄው ይበልጥ ከርሯል። «የኮሌጅ ተጫዋች» የሚለው ለጊዜው ከወገንተኝነት የራቀ ነው።

8. ማጠቃለያ

የ1984ቱ ፍርድ መብቱን በተነው፤ ማኅበራቱ የጋራ ሻጭ ሆኑ፤ የሻጩ ሒሳብም ጉርብትናን አሸነፈ። ለአማርኛ ጸሐፊ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፦ የማኅበራቱን ስም በድምፃቸው፣ የተቋሙን ዓይነት «የውድድር ማኅበር»፣ እንቅስቃሴውን «የአባልነት ሽግሽግ»፣ ውሉን «መብትን የማስተላለፍ ውል» ማለት። የተጫዋቹን ስም ግን ማንም በልማድ ብቻ እንዳይመርጥ እናሳስባለን። ውል የሚነበብለት ወላጅ ልጁ በዚያ ሰነድ ውስጥ ምን ተብሎ እንደ ተጠራ፣ ስያሜውም ምን እንደሚያስቀርበት ከአስተርጓሚው ሊሰማ ይገባዋል።