ቦርጭ አጥፊ የተባሉ መድኃኒቶችና ምስክራቸው

ሰው አንድን መድኃኒት የሚያምነው ብዙውን ጊዜ ጠጥቶ የከሳ ጎረቤት ስላየ ነው፤ ነገር ግን ያ ጎረቤት መድኃኒቱን ባይጠጣ ኖሮ ይከሳ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ማንም ሊነግረን ስለማይችል፣ ምስክርነቱ ቅን ቢሆንም እንኳ ለፍርድ አይበቃም። በቆቦ ከተማ አንዲት ነጋዴ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምራ በየማለዳው ሎሚና ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ብትጠጣና ለትንሣኤ ቀሚሷ ቢሰፋት፣ ምስጋናው ሁሉ ለሎሚው ይሆናል፤ ዳሩ ግን 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ትታ፣ እህልም የምትቀምሰው ከቀትር በኋላ ሆኖ ሳለ፣ ያከሳት ጾሙ ይሁን ሎሚው ምን ይለየዋል?

የሚለየው ንጽጽር ነው። አሳቡም ጥንታዊ ነው፤ ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ተመግበው፣ መልካቸው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ብላቴኖች ጋር እንዲመዛዘን መጠየቃቸውን የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች የንጽጽር ፈተና ቀዳሚ ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል። የዘመናችን ሊቃውንት የጨመሩበት ዕጣ ማውጣትን ነው፤ ወዶና ፈቅዶ መድኃኒት የሚጀምር ሰው ምግቡንም አብሮ መቀነሱ ስለማይቀር፣ ጠጪውንና የማይጠጣውን ወገን ዕጣ ሊለየው ይገባል ይላሉ። የራያ ቆቦ ገበሬ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም፤ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በቆቦ ሜዳ አዲስ የማሽላ ዘር ሲፈትን፣ ነባሩን ዘር በዚያው ማሳና በዚያው ዝናም አጠገቡ ዘርቶ፣ መደቦቹንም በዕጣ አከፋፍሎ ነው የሚፈርደው።

በዚህ ሚዛን ብዙ የተወደሰ ነገር ይቀላል። ጋርሲንያ ካምቦጂያ የሚባለው የፍሬ ጭማቂ ስብ ያቀልጣል ተብሎ ሲነገርለት፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 135 ወፍራም ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሱ እውነተኛውን፣ ገሚሱ በመልክ ብቻ የሚመስለውን ባዶ ክኒን 12 ሳምንት ዋጡ፤ ምግባቸውም ለሁሉም ተመጥኖ ነበርና እውነተኛውን የዋጡት በአማካይ 3.2፣ ባዶውን የዋጡት 4.1 ኪሎ ቀነሱ፤ ያከሳቸው የምግቡ መመጠን እንጂ ክኒኑ አልነበረም። የፖም አቸቶ ደግሞ በ2009 በጃፓን በ155 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ከ12 ሳምንት በኋላ ያስገኘው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ በ2024 ከሊባኖስ ወጥቶ እጅግ የበለጠ ክሳት ያበሠረውን ጥናት ግን አሳታሚው መጽሔት ራሱ ስሌቱ አላስተማመነውምና በ2025 ሰረዘው።

ቦርጭ ያጠፋል ተብሎ የሚጠጣውን አስቀማጭ ቅጠል፣ ሰናመኪን፣ ደግሞ ለብቻው እንመርምረው። ሰናመኪ የሚያነሣሣው ትልቁን አንጀት ነው፤ የምግቡ ኃይል ግን እዚያ ሳይደርስ በትንሹ አንጀት ተመጦ ወደ ደም አልፏል። ስለዚህ በማግሥቱ ሚዛን ላይ የጎደለው ውኃና ሰገራ ነው፤ ስቡ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንደ ራያ ባለ ቆላ፣ ላብ አስቀድሞ ባደረቀው ገላ ላይ ይህ ሲደጋገም የሰውነት ጨው ይዛባል፣ የልብም ምት ይታወካል። ከዚህ የከፋው «ከቅጠል ብቻ የተሠራ» በሚል ስም ውስጥ የሚደበቀው ነው፤ ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት በልብና በአንጎል ላይ አደጋ በማምጣቱ በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ከወጣ በኋላ እንኳ፣ በእንዲህ ያሉ ክኒኖች ውስጥ ተቀላቅሎ ደጋግሞ ተገኝቷል።

የሚሠራ መድኃኒት በፍጹም የለም ማለት ግን አይደለም። በ2021 በወጣው ጥናት፣ 1,961 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለ68 ሳምንታት ሲመረመሩ፣ ሴማግሉታይድ የተባለውን መድኃኒት በመርፌ የወሰዱት ከክብደታቸው 14.9 በመቶ፣ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ቀነሱ፤ ሆኖም መርፌው ሲቋረጥ ክብደቱ በአብዛኛው ስለሚመለስና የሚያስከትለውም ሕመም ስላለ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚነካ አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የሚያከሳ ነገር የሚሸጥ ሰው ሲገጥምህ፣ ከማን ጋር ተነጻጸረ፣ በዕጣ ተከፍሏል ወይ፣ በስንት ሳምንት ስንት ኪሎ ቀነሰ ብለህ ጠይቀው፤ መልስ ከሌለው ገንዘብህን ያዝ፤ ጤናህንም ጠብቅ።