እንዶድ በመርዝ ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ከተማ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብለው ቀንድ አውጣ ይለቅሙ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ብዙም አልቆዩም። አድዋ ያመጣቸው ብልሃርዝያ ነው። የበሽታው ትል ዕንቁላል ከታማሚው ሰገራ ጋር ወንዝ ይገባል፤ እዚያ ይፈለፈልና ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ይበሳል። የሚዋኝ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፣ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ዶክተሩ የሚያጠኑት እንግዲህ ቀንድ አውጣው የት የት እንደሚኖር ነበር።

ያገኙት ግን የት እንደሚሞት ነው።

ከወንዙ ላይኛው በኩል የለቀሟቸው ሕያው ነበሩ። ወደ ታች ራቅ ብለው የለቀሟቸውም እንዲሁ። በመሃል አንድ ቦታ ላይ ግን የሞተ ቀንድ አውጣ ከሌላው ሁሉ በዝቶ ታያቸው። ወንዙ ያው ወንዝ ነው፤ ከቦታው ትንሽ ከፍ ብሎ ግን ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ።

እንዶድን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም። ፍሬው ሳይቀላ፣ አረንጓዴ እያለ ይለቀምና ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ይዘፈዘፋል። ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ይሰጣል። ስንትና ስንት ነጠላና ጋቢ በእሱ ነጥቷል። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከአረፋው ጠብ እንድታደርግበት ጠየቋት። አደረገችው። ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ቅርፊታቸው ተሰበሰቡ፤ ደማቸው ፈሰሰ፤ ጥቂት ቆይተው ሞቱ። የእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ደም እንደ ሰው ደም ቀይ በመሆኑ ሲደሙ በዓይን ይታያል።

በቤተ ሙከራ ሲደገምም ውጤቱ ጸና። ደርቆ የተፈጨው ፍሬ በ1 ሊትር ውሃ ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ያህል ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣውን ይገድላል። የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚያገለግሉት የመዳብ ሰልፌትና የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ያወጣው ባይሉሳይድ ነበሩ፤ ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ የፋብሪካ ኬሚካሎች። እንዶድ ግን በየአጥሩ ይበቅላል። ታዲያ ቀንድ አውጣን እንዲህ አድምቶ የሚገድል ነገር ሰውንስ ምን ያደርገዋል?

ጥያቄው ከየትም የመጣ አይደለም። እንዶድ የሚወቅጥ ሰው ትናኙ አፍንጫው ገብቶ ያስነጥሰዋል። አረፋው ዓይን ከገባ ያቃጥላል። ኮሶ ለማሻር የጠጡት፣ ፅንስ ለማስወረድ የጠጡትም ነበሩ፤ ከእነሱም የተጎዱና የሞቱ አሉ። የሀገሬው ሰው እንዶድ ገር ነው ብሎ አያውቅም። ልብስ ይታጠብበታል፣ አይጠጣም፤ ዓይን ይጠበቃል፤ ሕፃን አይነካውም። ይህ ዕውቀት በዘመናት የተፈተነ ነው፤ በወረቀት ላይ ግን አልሰፈረም። ዋናው እንቅፋት የሆነውም ወረቀቱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ወንዙ መልሱን ሰጠ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ 17,000 ያህል ሕዝብ በሚኖርባት አድዋ ጅረቶቹ በእንዶድ ታከሙ። ሥራው አድካሚ ነው፤ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንጂ ዕንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ውሃው ደጋግሞ መታከም ነበረበት። አምስት ዓመቱ ሲያልቅ ትንንሾቹ ሕፃናት ተመረመሩ። ሥራው ሲጀመር ከመቶ ሃምሳው ትሉ ነበረባቸው። አሁን የተገኘባቸው ከመቶ ሰባቱ ብቻ ሆኑ።

እንዲህ ያለ ውጤት የያዘ ሰው በር ሁሉ ይከፈትለታል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በሩ ግን አልተከፈተም። ምክንያቱን ለማወቅ አድዋን ትቶ አሜሪካ ኢሊኖይ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1976 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባለሙያ የሆኑት አድሪያን ግሮስ ኢንዱስትሪያል ባዮ-ቴስት ከሚባል ቤተ ሙከራ የመጣ የእንስሳት ሙከራ ውጤት ያገላብጡ ነበር። ቤተ ሙከራው ትልቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ገበያ ላይ የነበሩ እጅግ ብዙ ፀረ ተባዮችና ኬሚካሎች አደገኛ አይደሉም የተባሉት በእሱ ሙከራ ነበር። ግሮስ ቁጥሮቹን ሲያዩ ጥርጣሬ ገባቸው። ውጤቱ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። ሲመረመር ገመናው ወጣ፤ የሞቱ እንስሳት በሌሎች ተተክተዋል፤ ያልተሠራ ሙከራ እንደ ተሠራ ተጽፏል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ኃላፊዎችም ተፈረደባቸው።

ከዚያ ቅሌት የወጣው ደንብ መልካም የቤተ ሙከራ አሠራር ይባላል። አሜሪካ በ1978 አወጀችው፤ የበለጸጉት ሀገሮች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ1981 ተቀበለው። እንስሳው ከየት መጣ፣ ማን መገበው፣ ሚዛኑ መቼ ተስተካከለ፣ ማን ፈረመ፤ ይህ ሁሉ ካልተመዘገበ ውጤቱ እንደ ውጤት አይቆጠርም። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ሰውን ከውሸት ይጠብቃል። የአድዋው ሥራ ግን ደንቡ ሳይወለድ በ1974 ያለቀ ነው። በአዲስ አበባም ያን ያህል መዝገብ፣ ያን ያህል መሣሪያና ያን ያህል ገንዘብ ያለው ቤተ ሙከራ አልነበረም። በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይመራ የነበረው የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም የእንዶድን መርዛማነት የሚያሳየው መረጃ በዚህ ደንብ አልተሠራም አለ። ካልተሠራ ደግሞ ለሰፊው ሙከራ ድጋፍ የለም። አሜሪካ ውስጥ ባለ ጸጋ ቤተ ሙከራ ለሠራው ማጭበርበር ዕዳውን ከከፈሉት መካከል የአድዋ ልጆችም አሉበት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

ዶክተር አክሊሉ ወደ ኋላ አላሉም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለተባበሩት መንግሥታት ሊሠሩ ወደ ውጭ ቢሄዱም እንዶድን አልተዉትም። እዚህ የቀሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአገሩ እየሰበሰቡ፣ እየተከሉ፣ ፍሬውን እየመዘኑ ያወዳድሩ ነበር። አንዱ ዓይነት ብዙ ያፈራል ግን ኃይሉ ደካማ ነው፤ ሌላው ኃይሉ ብርቱ ነው ግን በሽታ ይጥለዋል። በመጨረሻ ከሁሉም የበለጠው ቁጥሩ 44 ሆነ። ያለ ዓይነት 44 ቀጣዩ ምርመራ አይታሰብም፤ በየጊዜው የሚለዋወጥ ፍሬ መርዛማነቱ ሊመዘን አይችልምና።

በኬሚስትሪው በኩል ግን ሌላ እንቆቅልሽ ነበር። በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገዳዮቹን ንጥረ ነገሮች ለይተው አንዱን ለማቶክሲን ብለው ሰይመውታል። ሳፖኒን የሚባለው የአረፋ ሰጪ ቅመሞች ወገን ነው። ሆኖም ፍሬው አንዳንዴ ሲጨመቅ ሳፖኒን ሞልቶ ቀንድ አውጣን የማይገድል ጭማቂ ይወጣል። ፍሬው አንድ፣ ጭማቂው ሁለት ዓይነት። ለምን?

መልሱ ሙቀጫው ላይ ነበር። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሁለት የስኳር ጭራ ይዞ ይቀመጣል፤ እንደዚያ እያለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ የፍሬው ኢንዛይም አንደኛውን ጭራ ይቆርጠውና ገዳይ ያደርገዋል። ኬሚስቶች እንደ ልማዳቸው ወዲያው በአልኮል ሲነክሩት ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይሠራ ይሞታል። በ1984 የስዊዘርላንድ ኬሚስቶች የሁለቱን ሳፖኒኖች ልዩነት በዝርዝር አሳተሙ። እናቶቻችን ግን ትክክለኛውን መንገድ ከጥንት ይዘው ቆይተዋል፤ ወቅጠው፣ በውሃ ዘፍዝፈው፣ ጠብቀው።

አሁን የቀረው ያ ወረቀት ነው። በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ምባባኔ ላይ ተመራማሪዎች ስለ እንዶድ ብቻ ተሰበሰቡ። የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡም ከዋና ተሳታፊዎቹ አንዷ ነበሩ። ካናዳ ኦታዋ ያለው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ገንዘቡን ሰጠ። የካርልተን ዩኒቨርሲቲው ጆን ላምበርት ከኔዘርላንድስና ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር ሥራውን መሩት። ከዓይነት 44 የተወሰደው ፍሬ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ማንኛውም ኬሚካል ተቆጥሮ ፈተና ላይ ተቀመጠ። ሲዋጥ ምን ያህሉ ይገድላል? ቆዳ ያቆስላል? ዓይንን ምን ያደርጋል? ዓሣንስ? ከሁሉም የሚያስፈራው የመጨረሻው ነበር፦ የሰውን ዘር፣ ማለትም ዲኤንኤን ይለውጣል?

ይህን የሚመልሰው ፈተና በበርክሌዩ ብሩስ ኤምስ ስም ይጠራል። ሂስቲዲን የተባለውን ምግብ ራሱ መሥራት የማይችል የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሂስቲዲን በሌለበት ሳህን ላይ ይዘራል። አያድግም። የሚፈተነው ኬሚካል ዲኤንኤ የሚያዛባ ከሆነ ግን አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች በአጋጣሚ ጉድለታቸው ይስተካከልና ነጫጭ ነጥብ ሆነው ይበቅላሉ። ባለሙያው ነጥቦቹን ይቆጥራል። ምንም ሳይጨመርበት ከቀረው ሳህን ጋር ያስተያያል። ነጥቡ ከበዛ እንዶድ አለቀለት፤ የአድዋ አምስት ዓመት፣ የዶክተር ለገሠ ተክሎች፣ ሁሉም ከንቱ ይሆናል።

ነጥቡ አልበዛም።

ዝርዝሩ በ1991 በአንድ የቶክሲኮሎጂ መጽሔት ታተመ። እንዶድ ዲኤንኤን አያዛባም። በአፍ ሲወሰድ ለአጥቢ እንስሳት ያለው መርዛማነት ዝቅተኛ ነው። ዓይንን ግን ክፉኛ ያስቆጣል። ቀንድ አውጣ በሚገድል መጠን ዓሣም ይገድላል፤ ሆኖም ውሃ ውስጥ ሳይቆይ በጥቂት ቀናት ይበሰብሳል። ውጤቱን ያነበበች የአድዋ እናት ብትኖር ስለ ዓይኑ አዲስ ነገር አላነበበችም።

ዛሬ እንዲህ ያለው ውጤት በሥዕል ይነገራል። የተባበሩት መንግሥታት በ2003 ባሳተመው የጋራ አመዳደብ መሠረት ኬሚካሎች በአደጋቸው ዓይነትና ደረጃ ይመደባሉ። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ካለ መጋዘን ኮስቲክ ሶዳ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ በከረጢቱ ላይ ቀይ መስመር በከበበው አልማዝ ውስጥ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ እጅና ብረት ሲበላ ሊያይ ይችላል። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ያለበት ሌላ ሥዕል አለ፤ ይህ ለውሃ ሕይወት ነው። እንዶድ በዚህ ቋንቋ ቢነገር ለዓይኑ አንድ ምልክት፣ ለዓሣው ሌላ ምልክት ያገኝ ነበር። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ምልክት ማለት ተጠንቅቀህ ተጠቀም ማለት እንጂ ጣለው ማለት አይደለም፤ ፍሬውን የሚፈጨው ሠራተኛ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፣ ዓሣ የሚጠመድበት ውሃ ይለይ፤ ከዚያ ሥራው ይቀጥላል።

ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ዓለም ሰዎቹን አስታውሷቸው ነበር። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ ኦሃዮ ወዳለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እዚያ ደግሞ ሌላ ችግር ጠበቃቸው። ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ ዜብራ ሙሰል የሚባል ባለ ቅርፊት እንስሳ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቱቦዎች እየዘጋ አገሩን አስጨንቋል። ዶክተር አክሊሉ ነገሩን ሲሰሙ የአድዋው ወንዝ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፤ እንዶድ ተሞከረ። ሙሰሎቹ ሞቱ። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት፤ የእናቶች ዕውቀት የማን ነው የሚለው ክርክርም ከዚያ ተነሣ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በመካከሉ ግን ዓለም ወደ ክኒን ዞሯል፤ ፕራዚኳንቴል በአንድ ጊዜ ተውጦ ትሉን ከሰው ያወጣል። ከወንዙ ግን አያወጣም፤ የታከመው ልጅ ነገ እዚያው ይዋኛል። ይህ ሲታወቅ የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ቀንድ አውጣው ተመልሶ በ2017 የማጥፊያዎችን አጠቃቀም መመሪያ አወጣ። በዚያ መመሪያ የሚመከረው ኬሚካል ኒክሎሳማይድ፣ ማለትም የባይሉሳይድ ዋና ንጥረ ነገር ነው። እሱም ዓሣ ይገድላል፤ እሱም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንዶድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።